ሥራ የፈቱ ሕንፃዎች

«እዚያ ምን ጥለሽ ነው?» ትለኛለች እናቴ ከድሬዳዋ ስትደውል። ጥያቄዋ የእረፍት ቀኔን ስለማሳልፍባቸው ቦታዎች ነው፦ ሰው ለቋቸው ስለሄደ ሆስፒታሎች፣ እሳታቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ስለሆናቸው የብረት ማቅለጫዎች፣ ጣሪያቸው ላይ ዛፍ ስለበቀለባቸው ሕንፃዎች። ኦና ቤት ጅን ይሰፍርበታል ሲባል ላደገ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። ደህና መናፈሻ እያለ መስታወቱ የረገፈ ኮሪደር ውስጥ ካሜራ ተሸክሞ ሲዞር የሚውል ጤነኛ ሰው አይጠበቅም። እኔ ግን እውላለሁ። እንደ እኔ የሚውሉ ሰዎችም ጀርመን ውስጥም ሆነ በሌላው አገር ጥቂት አይደሉም።

ሙያዬ ራጅ ማንሳት ነው። በርሊን በሚገኝ ሆስፒታል «ትንፋሽዎን ይያዙ፤ አሁን ይተንፍሱ» ስል እውላለሁ። ስለዚህ ኦና ሆስፒታል ስገባ የሚታየኝ ጅን አይደለም፤ የሥራ ቦታ ነው። ሕመምተኛው በየት በኩል ይገባ ነበር? አልጋው የት ቆሞ ነበር? ነርሷ ከየት ሆና ታየው ነበር? ዓይኔ የሚፈልገው ይህንን ነው። የተላጠ ቀለምና የዛገ ብረት ማንም ያነሳዋል። ዋጋ ያለው ፎቶ ግን ቦታውን ለማያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያስረዳው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን በምሳሌ ላሳይ እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አየር መድኃኒት በነበረ ጊዜ

ከበርሊን ወደ ደቡብ ምዕራብ በባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤሊትስ ሃይልሽቴተን የሚባል ጣቢያ ይደረሳል። ከጣቢያው ሲወጡ ጫካ ነው፤ ጫካው ውስጥ 60 ያህል ሕንፃዎች ተበታትነው ቆመዋል። ግንባታው የተጀመረው በ1898 ሲሆን ያሠራው የበርሊን የሠራተኞች መድን ተቋም ነው።

የመድን ተቋም ለምን ሆስፒታል ይሠራል? በዚያ ዘመን በርሊን በፋብሪካ ሠራተኛ ተጨናንቃ ነበር። ብዙው ቤተሰብ ፀሐይ የማይደርስበት ጓሮ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ ይኖር ነበር። የሳንባ ነቀርሳ የሚስማማው እንዲህ ያለ ቤት ነው። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን እዚያው በርሊን ላይ ያስታወቀው ማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ የዓለም የቲቢ ቀን ዛሬም በዚያው ዕለት ይከበራል። ባክቴሪያው ታወቀ እንጂ መድኃኒቱ አልታወቀም። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። በመካከሉ ባሉት ስድሳ ዓመታት ሐኪም የሚያዘው ንጹሕ አየር፣ ዕረፍትና ጥሩ ምግብ ነበር።

በጀርመኑ መራሔ መንግሥት በቢስማርክ ዘመን፣ በ1889 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ታሞ መሥራት ላቃተው ሠራተኛ አበል የሚቆርጡት እነዚህ የመድን ተቋማት ነበሩ። ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ከመጦር ጫካ ወስዶ ማሳረፍ፣ ማብላት፣ ማዳንና ወደ ፋብሪካው መመለስ ይረክሳል። ቤሊትስን የሠራው ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት።

ይህን ያወቀ ሰው ካሜራውን ወዴት እንደሚያዞር ያውቃል። ሰፋፊዎቹ መስኮቶች ወደ ደቡብ የዞሩት ፀሐይ ለመያዝ ነው። ረጃጅሞቹ ክፍት በረንዳዎች ሕመምተኞች በክረምት ሳይቀር ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ለሰዓታት የሚተኙባቸው ነበሩ። በዘመኑ ሳናቶሪየሞች፣ ማለትም እንዲህ ባሉ ማገገሚያዎች፣ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሹል ማዕዘን አይደረግም ነበር፤ አቧራ እንዳይሸሸግ፣ መወልወያውም እንዳይቸገር ጎበጥ ተደርጎ ይለሰናል። የባቡር ሐዲዱ ግቢውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሳንባ ሕመምተኞች በሰሜን፣ ተላላፊ ያልሆነ ሕመም ያለባቸው በደቡብ። በዚያ ላይ ሴቶች በምዕራብ፣ ወንዶች በምሥራቅ። የራሱ የኃይል ማመንጫና ማሞቂያ፣ የራሱ ልብስ ማጠቢያ ነበረው። ከግቢው ትልልቅ ሕንፃዎች መጨረሻ ላይ፣ በ1930 ገደማ፣ ያለቀው የቀዶ ሕክምናው ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ዕረፍቱ አልበቃ ሲል የታመመውን ሳንባ በግድ ለማሳረፍ ደረት ውስጥ አየር ያስገቡ፣ አልፎም የጎድን አጥንት ያወጡ ነበር። ከበረንዳው እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለውን በተርታ ያነሳ ሰው የአንድን በሽታ የሠላሳ ዓመት ታሪክ በፎቶ ይዟል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ታሪክ ተደራርቦበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ወታደሮች ታክመውበታል፤ በ1916 መጨረሻ እግሩን ቆስሎ ከመጡት አንዱ ያኔ ማንም የማያውቀው አዶልፍ ሂትለር ነበር። በ1945 የሶቪየት ጦር ግቢውን ተረከበና ከአገሩ ውጭ ካሉት የጦር ሆስፒታሎቹ ሁሉ ትልቁ አደረገው። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ በ1991 ወደ ሞስኮ እስኪወሰዱ ድረስ የተጠለሉት እዚሁ ነው። የሶቪየትን ጦር የተካው የሩሲያ ጦር በ1994 ጀርመንን ለቆ ሲወጣ አብዛኛው ሕንፃ ባለቤት አጣ፤ ሌባና ዝናብ ተፈራረቁበት። ግድግዳዎቹ ላይ እስከ ዛሬ የሩሲያኛ ጽሑፍ ይታያል።

አልፐንሃውስ የሚባለው የሴቶች ሕንፃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቃጥሎ ሳይጠገን ስለቀረ አናቱ ላይ እውነተኛ ደን በቅሏል። በ2015 በዙሪያው ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእግር መንገድ ተሠራለት፤ ዛሬ ሕፃን ያዘለ ሰው ሳይቀር ትኬት ቆርጦ ከላይ ሆኖ ያየዋል። የተቀሩት ሕንፃዎች ጥቂቶቹ ታድሰው እንደገና ሰው ይታከምባቸዋል፤ አንዳንዶቹም መኖሪያ ቤት ሆነዋል።

አዲስ አበባ ላደገ አንባቢ ይህ የአየር ሕክምና እንግዳ አይሆንበትም። እንጦጦ ግርጌ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም የተጀመረው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ሆኖ ነው፤ ከከተማው ግርግር ርቆ፣ ባሕር ዛፍና ነፋስ ባለበት ተዳፋት ላይ። ልዩነቱ የእኛው ዛሬም እያከመ መሆኑ ነው።

የራጅ ክፍሉን በምን አውቃለሁ?

ዕቃው ሁሉ ተዘርፎ ባዶ የቀረ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ክፍሎቹን መለየት ይቻላል። የራጅ ክፍልን በበሩ አውቀዋለሁ፤ ውስጡ የእርሳስ ንጣፍ ስላለው ከሌሎቹ በሮች ይልቅ ይከብዳል። ከበሩ በላይ የማስጠንቀቂያ መብራት የነበረበት ቀዳዳ አለ። ወለሉ ላይ ጠረጴዛው የታሰረባቸው ብሎኖች፣ ጣሪያው ላይ ጨረሩን የሚያመነጨው ቱቦ ወዲያና ወዲህ የሚሄድበት ሐዲድ፣ ጥግ ላይ ባለሙያው የሚሸሸግበት መከለያና እርሳስ ያለበት መስታወት ይገኛሉ። አጠገቡ መስኮት የሌላት፣ የውሃ ገንዳ ያላት ጠባብ ክፍል ካለች ፊልም የሚታጠብባት ጨለማ ክፍል ናት። የዛሬ ልጆች ራጅ በኮምፒውተር ብቻ ስለሚያውቁ ይህችን ክፍል ሲያዩ ዕቃ ቤት ትመስላቸዋለች። ለዚህ ነው ሦስቱን ነገሮች፣ በሩን፣ ጠረጴዛው የነበረበትን ቦታና ጨለማ ክፍሏን፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ ለማስገባት የምታገለው። አንድ ላይ ሲታዩ ነው ሥራው የሚገባው።

የድሮ የቀዶ ሕክምና ክፍል ደግሞ በመስኮቱ ይለያል። ሰፊ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰሜን ይዞራል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የሐኪሙን ዓይን እንዳይወጋ። ግድግዳው እስከ ላይ ሴራሚክ ለብሷል። ወለሉ መሐል የውሃ መውረጃ ካለ ክፍሉ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በውሃ ይታጠብ ነበር ማለት ነው።

ይኸው ሙያዬ መጠንቀቅንም አስተምሮኛል። ኦና ሆስፒታል ምን ሊያደርስ እንደሚችል የጎያኒያን ታሪክ የሚያህል ማስረጃ የለም። በዚህች የብራዚል ከተማ አንድ የጨረር ሕክምና ማዕከል በ1985 መጨረሻ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ሲዚየም 137 የያዘ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ በአሮጌው ሕንፃ ትቶ ሄደ። በሴፕቴምበር 1987 ሁለት ሰዎች ሕንፃው ውስጥ ገቡ፤ ብረቱ ለቆራሌው ይሸጣል ብለው የመሣሪያውን ራስ ነቅለው ወሰዱት። ሲፈለቀቅ ከውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ወጣ። ማማሩን አይተው ጎረቤትና ዘመድ ተከፋፈሉት፤ ገላቸውን የተቀቡትም ነበሩ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ 112,000 ያህል ሰው መመርመር ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። የራጅ መሣሪያ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ጨረር አያወጣም፤ ተራ ብረት ነው። እንደ ጎያኒያው ያለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ግን ውስጡ በራሱ ጨረር የሚያመነጭ ቁስ ስላለበት ማጥፊያ የለውም። ሁለቱን በዓይን መለየት የሚችለው ባለሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ኦና ሆስፒታል ውስጥ ያለ ዕቃ አይነካም፤ አይከፈትም፤ ወደ ቤትም አይወሰድም። ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ከሥዕል በቀር ምንም አትውሰዱ ይላሉ። ለሌላው ይህ የጨዋነት ጉዳይ ይሆናል፤ በሆስፒታል ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

እሳቱ የጠፋበት ምድጃ

ሆስፒታልን ለማንበብ ሙያዬ ይረዳኛል። የብረት ማቅለጫን ግን መማር ነበረብኝ፤ የተማርኩትም ዱይስቡርግ በምትባለው የጀርመን ከተማ ሰሜን በሚገኘው የመልክዓ ምድር ፓርክ ነው። ቦታው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1985 የማይደሪሽ ብረት ማቅለጫ ነበር። ሲዘጋ ይፍረስ ወይስ ይቁም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ፔተር ላትስ የተባለው የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ግን ምድጃዎቹን ሳያፈርስ ፓርክ አደረጋቸው። ከ1994 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ቀንም ሌሊትም በነጻ ይገባል። አምስተኛው ምድጃ አናት ላይ፣ 70 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በደረጃ መውጣት ይፈቀዳል። የማዕድን ማከማቻው ግድግዳ የአቀበት ስፖርት መለማመጃ ሆኗል፤ የጋዝ ማጠራቀሚያው በውሃ ተሞልቶ ጠላቂ ዋናተኞች ይሠለጥኑበታል። ጀማሪ ፎቶ አንሺ አጥር ሳይዘል፣ ፖሊስ ሳይፈራ የሚማርበት ቦታ ካለ ይህ ነው።

ምድጃው እንዴት ይሠራ ነበር? ከአናቱ የብረት ማዕድን፣ ኮክ የሚባለው የተጠበሰ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በየተራ ይጨመራል። ከሥሩ እጅግ የጋለ አየር ይነፋል፤ የአንጥረኛ ወናፍ የሚሠራውን ሥራ በግዙፉ መሥራት ነው። ብረቱ ቀልጦ ከታች ይጠራቀማል፤ ዝቃጩ ቀለል ስለሚል ከላዩ ይንሳፈፋል፤ ሁለቱም በየጊዜው እየተከፈተ በአሸዋ በተበጀ ቦይ ይለቀቃሉ። ከአናቱ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ አይባክንም። በወፍራም ቧንቧ ወርዶ ይጣራል፤ ከዚያም ከምድጃው ጎን ተሰልፈው የቆሙትን፣ አናታቸው ክብ የሆነ ረጃጅም ማማዎች ለማጋል ይነዳል። የሚነፋው አየር የሚግለው እነርሱ ውስጥ ሲያልፍ ነው።

ይህን ሳላውቅ በፊት ዱይስቡርግ ለእኔ የተጠላለፈ ቧንቧ ክምር ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ቧንቧው መንገድ እንዳለው አየሁ፤ ፎቶዎቼም ያንን መንገድ መከተል ጀመሩ። ማዕድኑ ከሚራገፍበት ተነሥቶ ብረቱ እስከሚፈስበት ድረስ በቅደም ተከተል ማንሳት ማለት ነው።

በዚህ የፎቶ ሙያ የጀርመኖቹን ባልና ሚስት፣ የበርንትና የሂላ ቤሸርን ሥራ ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ከ1959 ጀምሮ የውሃ ማማዎችን፣ የከሰል ጉድጓድ ማንሻዎችን፣ ማቀዝቀዣ ማማዎችንና የብረት ምድጃዎችን በትልቅ ካሜራ ሲያነሱ ኖረዋል። የሚሠሩት ሰማዩ ዳመና ሲሆን ነበር፤ ጥላ እንዳይኖር። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ፊት ለፊት፣ ሰው ሳይጨምሩ ያነሱ ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ወይም አሥራ ሁለት የውሃ ማማዎችን ጎን ለጎን ይደረድሩ ነበር። ያን ጊዜ ተመልካቹ ሳያስበው ማወዳደር ይጀምራል፦ ይኸኛው እግሩ ብረት ነው፤ ያኛው ጡብ፤ ይህ ለምን ሰፋ? የማይረባ የሚመስል ነገር ለማየት የሚገባ ሆነ። የቤሸሮች ክርክር ከፎቶም አልፏል፤ ዶርትሙንድ ያለው የዞለርን ከሰል ማዕድን እንዳይፈርስ ከተሟገቱት መካከል ነበሩ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1990 በቬኒስ የሥነ ጥበብ ትርኢት ታላቁን ሽልማት ሲያገኙ የተሸለሙት በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነው፤ የማይታወቁ ባለሙያዎች የሠሯቸውን ግንቦች እንደ ቅርጻ ቅርጽ ማሳየታቸው ታይቶ።

ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ያለው የፎልክሊንገን ብረት ማቅለጫም በ1873 ተመሥርቶ በ1986 ተዘግቶ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ የሚሄድ ሰው ውበቱ ብቻ ይዞት እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በግዳጅ የመጡ ሰዎችና የጦር ምርኮኞች ሠርተውበታል፤ ክርስቲያን ቦልታንስኪ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሠራላቸው መታሰቢያ ግቢው ውስጥ አለ።

ካሜራ፣ ወለልና ሕግ

የካሜራው ነገር ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይከብድም። ዋናው ዕቃ ትራይፖድ ነው። አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ 8 ላይ ይደረግና ሹተሩ የፈለገውን ያህል ይቆይ፤ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ምድር ቤት ውስጥ ግማሽ ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ክፍሉ የተሠራው ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ታስቦ ስለሆነ ፍላሽ አልጠቀምም። መስኮቱ ነጭ ሆኖ እንዳይጠፋ አንዱን ሥዕል በተለያየ ብርሃን ደጋግሞ አንስቶ በኋላ በኮምፒውተር ማዋሐድ ይቻላል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ግድግዳው የተንጋደደ ፎቶ ሕንፃውን የወደቀ ያስመስለዋል። እኔ መጀመሪያ ከበሩ ሆኜ ሙሉውን ክፍል፣ ቀጥሎ ከተቃራኒው ጥግ፣ ከዚያ ዝርዝሩን አነሳለሁ። መጨረሻ ላይ የምፈልገው ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ታርጋ ነው፤ የሠራውን ፋብሪካ፣ ከተማውንና ዓመቱን የምትናገረው እርሷ ናት።

ዕቃ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ብርሃን ወዳለበት የሚገፋ፣ አልጋ ላይ የተሰበረ አሻንጉሊት አምጥቶ የሚያስቀምጥ ፎቶ አንሺ ሞልቷል። ለእኔ ይህ ውሸት ነው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ወንበሩ ድሮም እዚያ የነበረ ይመስለዋል።

ከካሜራው በፊት ግን ወለሉ ይቀድማል። ጣሪያው የሚያፈስ ሕንፃ የእንጨት ወለሉ ከሥር በስብሶ ከላይ ደህና መስሎ ይቆያል። በሩ የተነቀለ የሊፍት ጉድጓድ በጨለማ አይታይም። በድሮ ቧንቧዎች ዙሪያ የተጠቀለለውና የጣሪያ ክዳኑ ውስጥ ያለው አስቤስቶስ ጀርመን በ1993 የከለከለችው የካንሰር ምንጭ ነው፤ የተቆለለ የርግብ ኩስም ሳንባን ያሳምማል። ስለዚህ ለብናኝ የሚሆን ጥሩ ጭምብል፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ በጊዜው የተወሰደ የቴታነስ ክትባት ያስፈልጋል። ብቻን አይገባም፤ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ ሰው ውጭ መኖር አለበት።

ሕጉም ግልጽ ነው። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 123 ያለ ፈቃድ የታጠረ የሰው ግቢ የሚገባን ሰው በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል፤ ክስ የሚመሠረተው ባለቤቱ ሲያመለክት ነው። ብዙዎች ይህን ቀዳዳ ተማምነው ይገባሉ። እኔ አልገባም። አጥር ሥር ካሜራ የያዘ ጀርመናዊ ወጣት ሲታይ ፎቶ አንሺ ይባላል፤ እኔ ስታይ ግን ጎረቤት መጋረጃ ገልጦ ስልክ ያነሳል። የመኖሪያ ፈቃድ የሚታደስለት ሰው ስሙ ፖሊስ መዝገብ ላይ ባይገኝ ይመረጣል። ደግነቱ ባለንብረቶችን አስፈቅደው፣ ከፍለን የምንገባበትን ቀን የሚያዘጋጁ አስጎብኚዎች አሉ፤ ቤሊትስ ያለውን የቀዶ ሕክምና ሕንፃም በአስጎብኚ መግባት ይቻላል። ለባለቤቱ ጨዋ ደብዳቤ መጻፍም ያዋጣል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

ሰው የሌለበት ፎቶ የማን ነው?

ይህን ሥራ የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋቸውም ቀላል አይደለም። የአሜሪካዋ ዲትሮይት ፎቶዎች ዓለምን በዞሩበት ጊዜ የከተማዋ ነዋሪዎች «እኛ እዚህ እንኖራለን፤ ሬሳ አታስመስሉን» ብለው ተቆጥተዋል። በተለይ በ1988 የመጨረሻው ባቡር የወጣበት ሚሺጋን ሴንትራል ጣቢያ የውድቀት ምልክት ሆኖ ስንት መጽሔት ላይ ወጣ። ያንኑ ሕንፃ ፎርድ ኩባንያ በ2018 ገዝቶ አደሰው፤ በጁን 2024 ተከፈተ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ሬሳ ሲነሣ የኖረው ሕንፃ ዛሬ ሰው ይገባበታል፤ ይወጣበታል። ከነቀፋው የወሰድኩት ትምህርት ፎቶው ሥር መጻፍ ነው፦ ቦታው ለምን እንደተዘጋ፣ ሠራተኛው ምን እንደሆነ፣ አሁን ማን እንደያዘው። ጽሑፍ የሌለው የፍርስራሽ ፎቶ ለሐሜት ይቀራል።

ደህና ምሳሌም አለ። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ዊላርድ የሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በ1995 ሲዘጋ ጣሪያ ሥር ካለው ክፍል ከ400 በላይ ሻንጣዎች ተገኙ። ሕመምተኞቹ ሲገቡ ይዘዋቸው የመጡ፣ ብዙዎቹም ዳግመኛ ያልከፈቷቸው ናቸው። ሻንጣዎቹን የግዛቱ ሙዚየም ወሰዳቸው፤ ጆን ክሪስፒን የተባለ ፎቶ አንሺ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ አንድ በአንድ ከፍቶ አነሳቸው። ልብስ፣ ደብዳቤ፣ ማበጠሪያ፣ የስፌት ዕቃ። የሕሙማን ምስጢር በሕግ ስለሚጠበቅ የቤተሰብ ስማቸውን እየሸፈነ ነው የሠራው። ሰው አንድም ቦታ አይታይም፤ ግን እያንዳንዱ ፎቶ ስለ አንድ ሰው ነው። እኔም ወለል ላይ የተበተነ ካርድ ወይም የራጅ ፊልም ካገኘሁ ስም እንዳይነበብ አድርጌ እንጂ አላነሳም። ሆስፒታሉ ቢዘጋም የሕመምተኛው ምስጢር አልተዘጋም።

ከድሬዳዋ እንጀምር

ይህን ሁሉ የምጽፈው የጀርመንን ፍርስራሽ ለማድነቅ አይደለም፤ አገሬን እያሰብኩ ነው። ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእርሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917። ድሬዳዋ ያለው የባቡር ጥገና ወርክሾፕ የዚያ ሥራ እምብርት ነበር፤ አጎቴ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው እዚያ ነው፤ የመፍቻውን ቁጥር በፈረንሳይኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ አያውቀውም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በራሱ መስመርና በራሱ ጣቢያ ያልፋል። ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረው የድሮው ባቡር ከቆመ ቆይቷል። አስፈቅጄ ወርክሾፑን ስጎበኝ ከመቶ ዓመት በፊት አገር የገቡ የሚመስሉ ማሽኖች ቆመው አይቻለሁ፤ ታርጋቸው ይነበባል። ምን ይሠሩ እንደነበር የነገረኝ ግን ታርጋው አይደለም፤ አብሮኝ የገባው አጎቴ ነው። ይኼኛው የመንኮራኩር ጠርዝ ይሞርዳል፤ ያኛው ብሎን ያወጣል፤ እዚህ ጋ ሊቶሪናው፣ የሰው ማመላለሻው ባቡር፣ ይቆማል እያለ።

ለዚህ ነው ከቤሊትስ ይልቅ ድሬዳዋ የሚያስቸኩለኝ። ቤሊትስን ብዙ ሺሕ ሰው አንስቶታል፤ ፕላኑም መዝገብ ቤት አለ። የእኛ ወርክሾፖች፣ የድሮ ወፍጮዎች፣ የተዘጉ ስኳር ፋብሪካዎች ግን ሥራቸው ያለው በጡረተኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው። በእጃችሁ ያለው ስልክ ለዚህ ይበቃል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ከሚል ዘበኛ ጋር ከመከራከር አስቀድማችሁ ከድርጅቱ የፈቃድ ወረቀት ያዙ። በቤተሰባችሁ ወይም በሰፈራችሁ እዚያ የሠራ ሽማግሌ ካለ ይዛችሁት ግቡ፤ እያንዳንዱን ማሽን ከታርጋው ጋር አንሱ፤ እርሱ የሚለውን ቅረጹ፤ ስሙንም ከፈቀደ ጻፉ። ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለድርጅቱ፣ አንድ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ (ለወመዘክር) ስጡ።